የራስ መሬት ሳይኖር ከብት ማድለብ፦ ሣሩን ብቻ ተከራዩ

ከብት ማድለብ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ሰፊ ግቢና የቆርቆሮ በረት ነው። ገንዘቡን አጥርና ጣሪያ ላይ ጨርሶ ለከብቱ መግዣ የሚበደር ስንት አለ! እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መሬቱ ይቅርባችሁ፣ ሣሩን ተከራዩ። ብራችሁ በእግሩ በሚሄድ ነገር ላይ ይዋል፣ ሲቸግር ነድቶ ገበያ መውሰድ ይቻላላ።

የማወራው ስለ ደጋው ነው። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ሜዳው ክረምት ውሃ የሚተኛበትና ከመስከረም በኋላ ድርቆሽ የሚታጨድበት አገር። ቆላው ሌላ ሥርዓት አለው።

መጀመሪያ ውሉ። የወል ግጦሽን አንድ ሰው ተነስቶ ሊያከራያችሁ አይችልም፣ ስለዚህ የይዞታ ደብተሩን በዓይናችሁ እዩ። ደብተሩ ላይ ባልና ሚስት ካሉ ሁለቱም ይፈርሙ፤ እሱ ብቻ ፈርሞ እሷ ነሐሴ ላይ «እኔ አልተስማማሁም» ብትል ከብቱን ይዛችሁ የት ትገባላችሁ? ውሉን በአካባቢው የመሬት አስተዳደር አስመዝግቡት። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ከብቱ በየት እንደሚገባና ውሃ የት እንደሚጠጣ ይጻፍ። አንድ የድርድር ካርድ ደግሞ አላችሁ፣ እበቱ። ከብቱ ሌሊት የሚያድርበትን ቦታ በየሳምንቱ እያዛወራችሁ ማሳውን ብታዳብሩለት ወይም ኩበቱን ብትተዉለት ባለመሬቱ ከኪራዩ ላይ ደህና አድርጎ ይቀንሳል።

ስንት ከብት ልግዛ? ኪሳችሁን ሳይሆን ሣሩን ጠይቁ። ሜዳው ሲያድግ አማካይ የሚመስል ቦታ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክታችሁ እጨዱ፣ በፀሐይ አድርቁና መዝኑት። ሁለት ሦስት ቦታ ብታደርጉት ይሻላል። 300 ግራም ከወጣ በሄክታር 3 ቶን ማለት ነው። ግማሹ በእግር ይረገጣል፣ ይበላሻል፣ ለሥሩም መቅረት አለበት፤ ስለዚህ ቶን ተኩል ብቻ ቁጠሩ። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይበላል፣ በ120 ቀን 720 ኪሎ። እንግዲህ ለአንድ ሄክታር ሁለት ከብት ነው። «ሦስተኛውን ላስጠጋው» ያለ ሰው ኅዳር ላይ ድርቆሽ ሲገዛ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ ትርፉም አብሮ ይበላል።

የምትገዙበት ጊዜ ከምትገዙት ከብት እኩል ዋጋ አለው። ሰኔና ሐምሌ በሬ ለእርሻ ስለሚፈለግ ውድ ነው። ዘሩ ሲያልቅ፣ ነሐሴ መግቢያ አካባቢ፣ ገበሬው እህሉ አልደረሰም፣ ብር ያስፈልገዋል፣ ያረጀውን በሬ ያወጣል። የእንቁጣጣሽ ገበያ ሳይሞቅ ያኔ ግቡ። የምትፈልጉት አጥንቱ ሰፊ ሆኖ የከሳ ነው፣ የታመመ ግን አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጡ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ደህና፣ ነጣ ካለና መንጋጋው ሥር እንደ ከረጢት ያበጠ ነገር ካለ የጉበት ትል ወይም ሌላ የሆድ ጥገኛ ሊኖርበት ስለሚችል እለፉት። ደላላው «ይሄ የእርሻ ድካም ነው» ይላችኋል፣ አትስሙት።

ክብደቱን ደግሞ በአፍ አትቀበሉ። ከልብስ ሰፊ አንድ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 ከሆነ 249 ኪሎ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን ከደላላ ዓይን ይሻላል።

የገዛችሁትን ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩት። የጉበት ትል መድኃኒት ይሰጠው (ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ይሄ አይታለፍም)፣ የአባሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በቅርብ ባለው የእንስሳት ጤና ኬላ ይከተብ።

መስከረም ላይ ተጠንቀቁ። ሜዳው ማገጥ (ባለ ሦስት ቅጠሉን ለምለም ሣር) ያበዛል፣ ከብቱም ይወደዋል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ በባዶ ሆዱ ከተለቀቀበት ግን በግራ ጎኑ ይነፋል፣ ቶሎ ካልተደረሰለት ይሞታል። መላው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ጭድ ይብላ፣ ጤዛው ሲነሳ ይግባ። እረኛው ቤት ጠርሙስ የምግብ ዘይት አይጥፋ፣ ሲነፋ ያጠጣዋል፣ የእንስሳት ሐኪምም ወዲያው ይጠራል።

እረኛ ካልኩ፣ አጥር አትሥሩ። ሜዳውን በምልክት አራት ቦታ ከፍሎ በየተራ የሚያግጥ ደህና እረኛ ከሽቦ ይበልጣል፣ ሽቦ የታመመ ከብት አያይም። ደመወዙን በሰዓቱ ክፈሉ፣ ሲሸጥም ጉርሻ ይኑረው። በደንብ ይጠብቅላችኋል።

ከጥቅምት በኋላ ሣሩ እየደረቀ ጉልበቱ ይወርዳል። ፋጉሎና ፍሩሽካ (የዘይትና የዱቄት ፋብሪካ ተረፈ ምርት) መጨመር ያለባችሁ ያኔ ነው እንጂ ለምለም እያለ አይደለም። አሞሌ ጨው ግን ሁልጊዜ ይላስ።

ሽያጩን ለገና አስቡት። ከኅዳር ጀምራችሁ አዲስ አበባ ያለ የመሥሪያ ቤትና የሰፈር ቅርጫ ማኅበር አነጋግሩ፣ ቀብድ ተቀበሉ፤ የደላላው ድርሻ ለእናንተና ለገዢው ይቀራል። የተረፈ ካለ ለጥምቀት ይውጣ። ከዚያ በኋላ ሣሩም አልቋል፣ ሁዳዴም እየመጣ ነው፣ «ትንሽ ይቆይ» አትበሉ፣ በተገኘው ዋጋ ሽጡት።