ለቤት ሙዚቃ ውድ ፓወር አምፕ እንዴት ይመረጣል

ፓወር አምፕ ማለት ከፕሪአምፑ (ምንጩን መርጦ ቮልዩም ከሚያስተካክለው ሳጥን) የመጣችውን ትንሽዬ ሲግናል ተቀብሎ ስፒከር የሚገፋ ጉልበት የሚያደርጋት ሳጥን ነው፣ በቃ ሌላ ስራ የለውም። ብዙዎቹ ቮልዩም እንኳን የላቸውም፣ አንድ ማብሪያና አንድ መብራት። ለዚህ ነው ሰው 5 ሺህ ዶላር ሲሉት "ምን ሊሰራልኝ?" የሚለው፣ ጥያቄውም ልክ ነው። እኔ በዚህ ነገር ብዙ ብር ካፈሰስኩ በኋላ የገባኝ አምፑን የሚመርጠው ስፒከራችሁና ክፍላችሁ እንደሆነ ነው፣ እናንተ ቁጥሩን አንብባችሁ መከተል ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የስፒከራችሁን ወረቀት አውጡ። ሴንሲቲቪቲ የሚል አለ፣ በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ ሆኖ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚሰጥ ማለት ነው። 87 ይላል እንበል። ሶፋችሁ 3 ሜትር ላይ ከሆነ ርቀቱ ይቀንሰዋል፣ ሁለት ስፒከር መሆኑና የግድግዳው ነጸብራቅ ደግሞ ትንሽ ይመልሰዋል፣ ተደምሮ ተቀንሶ ጆሯችሁ ጋር 82 አካባቢ ይደርሳል። በ100 ዋት ደግሞ 20 ዴሲቤል ጨምሩበት፣ 102 መጣ፣ ያ ለሳሎን ቤት በጣም ብዙ ነው፣ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ "እጥፍ ጮኸ" እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ነው። ከ100 ወደ 150 ለመሄድ ብዙ ሺህ ብትጨምሩ የምታገኙት 2 ዴሲቤል እንኳን አይሞላም። (መርካቶ ካርቶን ላይ 3000 ዋት ፒኤምፒኦ ምናምን ተብሎ የሚጻፈውን ጭራሽ እርሱት፣ እሱ ዋት አይደለም።)

ሂሳብ አላምንም ካላችሁ በእጃችሁ ለኩት፣ ይሄን የሚያደርግ ሰው ትንሽ ስለሆነ ነው ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ። ተራ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። አሁን ባላችሁ አምፕ ሙዚቃ ክፈቱና ከዚህ በላይ አልጨምርም እስከምትሉበት ድረስ ቮልዩሙን ውሰዱት፣ ከዛ ቮልዩሙን ሳትነኩ ሙዚቃውን አቁሙ፣ አምፑን አጥፍታችሁ የስፒከሩን ሽቦ ንቀሉና መልሳችሁ አብሩት፣ ከዛ ከጣሪያው (ቀረጻ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ መጠን) 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ የተቀዳ የ60 ኸርዝ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) አጫውቱና አምፑ መውጫ ላይ ኤሲ ቮልት ለኩ። 12 ዴሲቤል በቮልት 4 እጥፍ ስለሆነ ያገኛችሁትን በ4 አባዙት፣ ከዛ ራሱን በራሱ አባዙና ለ8 ኦም (ስፒከሩ ለከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) አካፍሉ። 3 ቮልት ካነበበ፣ 12፣ ከዛ 144፣ ለ8 ሲካፈል 18 ዋት። አዎ 18! ቀረጻው ጣሪያውን ሲነካ እንኳን ከዛ አያልፍም። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አምፓችሁ ባለ ቱቦ (በትራንዚስተር ፈንታ የመስታወት ቫኩም ቱቦ ያለው) ከሆነ ስፒከር ነቅላችሁ እንዳትሞክሩት፣ ያለ ጭነት ሲሰራ መውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ታዲያ 18 ዋት ከበቃ ውድ አምፕ ለምን? ኦም ላይ ነው መልሱ። ስፒከሩ 8 ኦም ቢባልም በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ወደ 3 ኦም ይወርዳል፣ ያኔ አምፑ ብዙ ከረንት መስጠት አለበት፣ ርካሹ እዚህ ጋ ነው የሚንገዳገደው። አምፑ በ8 ኦም 100፣ በ4 ኦም ወደ 200 የሚጠጋ ከሰጠ ፓወር ሰፕላዩ ጠንካራ ነው ማለት ነው። ቤንችማርክ ኤኤችቢ2 የሚባለው አምፕ ለምሳሌ በ8 ኦም 100፣ በ4 ኦም 190 ይሰጣል፣ ክብደቱ ደግሞ 6 ኪሎ አይሞላም፣ ስለዚህ ክብደት ምልክት ነው የሚለው ወሬ ሁሌ አይሰራም። እጥፍ መሆኑም ቢሆን ህግ አይደለም፣ የማኪንቶሽ (የአምፕ ፋብሪካው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም) ትራንዚስተር አምፖች ብዙዎቹ መውጫቸው ላይ አውቶፎርመር (ጭነቱን የሚያመቻች ትራንስፎርመር) ስላላቸው በ8ም በ4ም በ2ም ያው አንድ ዋት ነው የሚሰጡት፣ ያ ድክመት ሳይሆን አሰራር ነው።

ቀጥሎ ክላስ፣ ማለትም የአምፑ የውስጥ አሰራር አይነት። ክላስ ኤ ሙዚቃ ባይኖርም ሙሉ ከረንት ይበላል፣ ክረምት ላይ ማሞቂያ ነው በሉት፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ያስመርራል። ክላስ ኤቢ መካከለኛው ነው፣ አብዛኛው ገበያ እሱ ነው። ክላስ ዲ ድሮ ይናቅ ነበር፣ ቤልጅየማዊው ብሩኖ ፑትዘይስ በሃይፔክስ ከዛም በፑሪፋይ ኩባንያ የሰራቸው ሞጁሎች ከመጡ በኋላ ግን መናቁ አያስኬድም፣ ዲስቶርሽናቸው (ድምፁን የማበላሸት መጠናቸው) ከብዙ ውድ ኤቢዎች ያነሰ ነው፣ መብራትም አይበሉም። እኔ ብጠየቅ ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ክላስ ዲ፣ የብረቱን መልክ ለሚወድ ኤቢ እላለሁ፣ መልክ መውደድም ነውር የለውም።

ጌይንም (የገባውን ሲግናል ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ) እዩት። 26 ዴሲቤል ማለት 20 እጥፍ ነው፣ 2 ቮልት ከገባ 40 ይወጣል፣ ይበቃል። ስፒከራችሁ ሴንሲቲቪቲው 100 ዴሲቤል አካባቢ የሆነ ሆርን (ባለ ጡሩንባ አፍ) ከሆነ ጌይኑ ዝቅ ያለ ፈልጉ፣ አለበለዚያ ሙዚቃ ሳይከፈት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ።

አሁን ከአሜሪካ ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት ለምትልኩ ወይም ለምታስልኩ። አሜሪካ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ አዲስ አበባ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። እኔ 18 ኪሎ የሚመዝን አምፕ በሻንጣ ይዤ ሄጄ ወንድሜ ቤት በአዳፕተር ሰካሁት፣ አዳፕተር እኮ የሶኬቱን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፣ ማወቅ ነበረብኝ፣ ሞቅ ብሎኝ ነው። ጧ! አለ፣ ፊውዙ ብቻ ቢሆን ተመስገን ባልኩ፣ ካፓሲተሮቹም አብረው ሄዱ። ስለዚህ ጀርባውን አንብቡ፣ ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ለፋብሪካው ጽፋችሁ ውስጡ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልተቀየረ አውራጅ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ እሱም አምፑ ከሚበላው ከፍተኛ ዋት በደንብ የሚበልጥ ይሁን። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሰራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲገባ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሊያጉረመርምም ይችላል። ከአውሮፓ የሚመጣ 230 ቮልት 50 ኸርዝ ስለሆነ ራስ ምታት የለውም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀሉት፣ ሲመለስ ነው ጉዳቱ።

ማዳመጥ ጋ ስትደርሱ፣ ሁለት አምፕ ስታወዳድሩ በዛው ቴስተር ስፒከሩ ጋ ያለውን ቮልት እኩል አድርጉ፣ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌ "የተሻለ" ይመስላል፣ ሻጮችም ያውቁታል። በ1985 አምፕ ሰሪው ቦብ ካርቨር በርካሽ ትራንዚስተር አምፕ የአንድ ውድ ባለ ቱቦ አምፕን ድምፅ አስመስሎ ሰርቶ የስቴሪዮፋይል መጽሔት አዘጋጆች መለየት አቅቷቸው ነበር። ስለዚህ በደንብ የምታውቁትን ቀረጻ ያዙ፣ ማሲንቆ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ደጋኑ ክሩን ሲፈገፍግ ያለውን ሸካራነት ጆሯችሁ ስለሚያውቀው ስህተቱ ቶሎ ይታያል።

ሰከንድ ሃንድ ከሆነ ያለ ስፒከርና ያለ ሙዚቃ መውጫው ላይ ዲሲ ቮልት ለኩ፣ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ25 ዓመት በላይ ካስቆጠረ ደግሞ የካፓሲተር ማስቀየሪያ ዋጋውን ከአሁኑ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ቤት ሲገባ የሽቦው ክሮች እርስ በርስ እንዳይነካኩ አጥብቃችሁ እሰሩ። ስታበሩ ፕሪአምፑ ይቅደም፣ አምፑ መጨረሻ፣ ስታጠፉ ተቃራኒው፣ አምፑ መጀመሪያ።