ሶኬቱ ስለገባ ብቻ አይሰካም፦ ሃርድ ዲስክ ስናገናኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ከነኬዙ (ዲስኩን ከውጭ ለመሰካት ከምንከተው ሣጥን ጋር) በፌስታል ጠቅልለው መጡ። የልጃቸው ሠርግ፣ ጣና ዳር የተነሡት ፎቶ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የራሱ አዳፕተር ስለጠፋ ቤት ያለውን የላፕቶፕ ቻርጀር ሰክተውበታል። «ልጄ፣ ልክክ ብሎ ገባ እኮ» አሉኝ። ኬዙን ስከፍተው የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቦርዱ ላይ አንዷ ቺፕ መሃሏ ተሰንጥቋል። ሠርጉን ላወጣላቸው አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይኸው ነው። ኬዙ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፤ አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰጠው ግን 19 ቮልት አካባቢ። አዳፕተር ስትገዙ ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ ቢበልጥ ግድ የለም፤ ማነስ ግን የለበትም። የጫፉን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም አመሳክሩ።

ሁለተኛው፣ ትልቁንና ትንሹን ዲስክ እንደ አንድ መቁጠር ነው። ሳታ የሚባለው፣ ዲስኩ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ያሳስታል። 2.5 ኢንች የሆነው የላፕቶፕ ዲስክ 5 ቮልት ይበቃዋል። 3.5 ኢንቹ የዴስክቶፕ ዲስክ ግን ለቦርዱ 5፣ ለሞተሩ 12 ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሹን ዴስክቶፕ ውስጥ ብትሰኩት ያለችግር ይሠራል። ትልቁን በተራ የዩኤስቢ ኬብል ብቻ ብትሰኩት ግን አይዞርም፤ 12 ቮልቱን ከየት ያመጣዋል? «ሞቷል» ተብለው መጥተው፣ ተገቢውን አዳፕተር ሲያገኙ የተነሡ ዲስኮች አይቻለሁ። እባካችሁ ዲስኩን ከመጣላችሁ በፊት ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ቮልቱም አምፔሩም እዚያው ተጽፏል።

ጠቅ ጠቅ የሚል ዲስክ ደጋግሞ መሰካትም ጥሩ አይደለም። ድምፁ ኃይል ስላነሰው ሊሆን ይችላል፦ ትንሹ ዲስክ እንኳ ሲነሣ ወደ 1 አምፔር ሊስብ ይችላል። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ 0.9። ሌላ ፖርትና አጠር ያለ ኬብል ሞክሩ። ያም ሆኖ ካልተወ ንቀሉት።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑን ተማምኖ መቀመጥ ደግሞ እኛ ከተማ ብዙ ሰው ጎድቷል። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ከግድግዳ የሚመገበው ትልቁ ዲስክ ግን ያኔውኑ ድርግም ይላል። ፋይል እየተገለበጠ ከነበረ ይበላሻል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚተካ መሣሪያ) ከሌላችሁ የምትገለብጡት በትንሹ ዲስክ ይሁን፤ እሱ ከላፕቶፑ ባትሪ ነው የሚመገበው። ትልቁን መብራት እንደሄደ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ተመልሶ እስኪረጋም አትሰኩት።