የፍጹም ዓለም ታሪኮችን ለታዳጊዎች ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉድለት የሌለበትን ኅብረተሰብ የሚያሳዩ ድርሰቶች፣ በተለምዶ ዩቶፒያ የምንላቸው፣ ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በጣም የሚስማሙ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዓለም እንዴት መሆን እንደሚገባት አጥብቆ ያስባል፣ በደል ሲያይም ፈጥኖ ይቆጣል። ችግሩ ያለው በአስተማሪዎቹ በእኛ አያያዝ ላይ ነው። የእነዚህ ድርሰቶች ዋና ጥያቄ የደስታውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄው በቅጡ ሳይነሣ የክፍለ ጊዜው ደወል ይደወላል። በባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥነ ጽሑፍ ከምናስተምር ሰዎች መካከል ይህ ያልደረሰበት ጥቂት ይመስለኛል።

ከተማዋን ሳያስወድዱ ዋጋዋን መናገር

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው፣ ኦሜላስ ስለምትባል ከተማ የሚተርከው አጭር ልብ ወለድ ለዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነቦ ያልቃል። ታሪኩ የሚከፈተው በባሕር ዳርቻ ባለች ውብ ከተማ፣ በበጋ በዓል ቀን፣ በሰልፍና በደወል ድምፅ ነው። ወደ ዐሥር ዓመት የተጠጋ አንድ ልጅ በምድር ቤት ተቆልፎበት እንደሚኖር፣ የከተማዋም ደስታ ሁሉ በእርሱ ሥቃይ ላይ እንደ ቆመ የምንረዳው ዘግይተን ነው። ብዙ መምህራን ግን ገና ሲገቡ «ዛሬ ስለሚሠቃይ ልጅ እናነባለን» ይላሉ። እንዲህ ሲሆን ተማሪው ከተማዋን አስቀድሞ ጠልቷት ስለሚያነብ ሲፈርድባት የሚያጣው ነገር የለም፤ ምንም የማያጣ ሰው ደግሞ ምርጫ ገጠመው አይባልም።

የሚሻለው ከንባቡ በፊት ተማሪዎቹ በጣና ዳር የራሳቸውን ፍጹም ከተማ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። እንቦጭ ከሐይቁ ይጥፋ፣ መብራት አይጥፋ፣ የጥምቀት በዓል በየወሩ ይሁን ካሉም ይሁንላቸው። የታሪኩ ተራኪም አንባቢው ደስ ያለውን ነገር በከተማዋ ላይ እንዲጨምር ትጋብዛለች። ከዚያ በኋላ ምድር ቤቱ ሲከፈት የሚከፈተው በእነርሱ ከተማ ሥር ይሆናል። (በነገራችን ላይ፣ በዚሁ የግብዣ ክፍል ስለ ፍትወትና ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያነሡ መስመሮች ስላሉ መምህሩ ጽሑፉን ከማባዛቱ በፊት ራሱ ያንብበው።)

ወደ ጭብጥ መቸኮል

የሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «የድርሰቱ ጭብጥ ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ የተገራ ስለሆነ ተማሪው ንባቡን ሳይጨርስ «ጭብጡ የግፍ አስከፊነት ነው» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ይዘጋል። በቅኔ አገር በጎጃም ላደገ ልጅ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት የተለመደ ጥበብ ነው፤ እንዲህ ያለው ድርሰት ግን ሰሙ ከተጣለ ወርቁም አይገኝም። ልጁ ከጎኑ የቆሙትን የሚሸቱ መወልወያዎች መፍራቱ፣ የቀን ምግቡ ግማሽ ሳህን የበቆሎ ዱቄትና ሞራ መሆኑ፣ ጥሩ ልጅ እንደሚሆን ቃል እየገባ እንዲያወጡት መለመኑ፣ እነዚህ ናቸው ዋጋውን ከሐሳብነት ወደ ሥጋና ደም የሚያወርዱት። መምህሩ ታሪኩን በቃሉ አሳጥሮ ሲተርክ አስቀድመው የሚወድቁትም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ተማሪዎች ማጠቃለያ ከመስጠት ይልቅ የምድር ቤቱን አንቀጾች ብቻ ወደ አማርኛ መልሶ ቀስ ብሎ ማንበብ ይበልጣል።

እጅ አስወጥቶ መቁጠር

«እናንተ ብትሆኑ በከተማዋ ትቀሩ ነበር ወይስ ጥላችኋት ትሄዱ ነበር?» ብሎ እጅ ማስወጣት ክፍሉን ያነቃቃል፤ ከሁሉ የከፋው ስህተትም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጓደኞቹ እያዩት «እቀራለሁ» የሚል ታዳጊ አይገኝምና ክፍሉ በሙሉ ይሄዳል፤ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። በድርሰቱ ውስጥ ግን ከተማዋን ጥለው የሚሄዱት ሰዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን በዝምታ በበሩ ወጥተው ሲሄዱ ልጁ እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የሄዱት ሰዎች ለልጁ ምን አደረጉለት?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ክፍሉ ይከፈላል፤ ገሚሱ በግፍ አለመተባበር በራሱ ትልቅ ነገር ነው ሲል፣ ገሚሱ ሳይረዱ መሄድ ራስን ማዳን ብቻ ነው ይላል፣ ሁለቱም ከጽሑፉ ማስረጃ ያገኛሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የነዋሪዎቹን ማመካኛዎች ከጽሑፉ ማስለቀም ይገባል። አንደኛው፣ ልጁ ቢወጣ በዚያው ቀን የሺዎች ደስታ ይፈርሳል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ልጁ በጨለማ ብዙ ስለ ኖረ ቢለቀቅም እንኳ ነፃነቱን ሊያጣጥመው አይችልም የሚል ነው። ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ ንግግር ሌላ የት እንደሰሙ እንዲጽፉ ማድረግ ይጠቅማል። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስለምትሠራ ታዳጊ «ከገጠሩ ኑሮ ይሻላታል» ሲባል ያልሰማ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ ይህች ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ከሁለተኛው ማመካኛ አጠገብ ስትጻፍ ውይይቱ መምህሩ ሳይገፋው ይሄዳል።

ነዋሪዎቹን ጨካኞች ማድረግ

የኦሜላስ ሰዎች ልጁን ሲያዩ ያለቅሳሉ፤ ለራሳቸው ልጆች ደግ የሆኑትም እርሱን ስለሚያውቁ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 ባሳተመው «ዩቶፒያ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ደሴተኞችም ርኅራኄያቸው እንዳይደነዝዝ ከብት አያርዱም፤ የሚያርዱላቸው ባሪያዎቻቸው ናቸው። ይህች አንዲት ነጥብ ብቻዋን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ትበቃለች። ነዋሪው ጨካኝ ተደርጎ ከተሣለ ተማሪው «እኔ ጨካኝ አይደለሁም» ብሎ ያልፋል፤ አስቸጋሪው ነገር ደግነቱ ራሱ በሌላ ሰው ሥቃይ የተገዛ መሆኑ ነው።

ጉዳዩን የሩቅ አገር ማድረግ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው «ራሴላስ» መቼቱ የእኛው አገር ነው። በአምሐራ መንግሥት፣ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ የንጉሡ ልጆች አንዳች ሳይጎድልባቸው ይኖራሉ፤ ሊያጫውቷቸው የገቡት ሙዚቀኞችና ጨፋሪዎች ግን የብረቱ በር ከተዘጋባቸው በኋላ አይወጡም። ልዑሉን ራሴላስን አጅቦ ከሸለቆው የሚያመልጠው ባለቅኔው ኢምላክ ጎጃሜ ነው፤ የዓባይ ምንጭ አጠገብ እንደ ተወለደ ይናገራል። ጆንሰን ኢትዮጵያን ባያይም የካቶሊኩን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሎቦን የጉዞ ታሪክ ተርጉሞ ነበር። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለመለሱት ቋንቋ ሰበብ አይሆንም። የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ግሸን ይታሰሩ እንደነበር የታሪክ መምህሩ ጎን ለጎን ቢያስረዳ ሸለቆው ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው መፈክር «ያለ ምንም ደም» ከሚለው ጋር ቤት እየመታ ይዘመር ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሹማምንት ተረሸኑ። መፈክሩ ራሱ እንደ ስንኝ ተነቦ ሊተነተን ይገባዋል፤ ዋጋ የለኝም ብሎ የሚማማል ተስፋ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያልና።

ዋጋን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ታሪኩ የገባው ተማሪ በሳምንቱ ሁሉንም ነገር ኦሜላስ ይለዋል። ለዚህ መልስ የሚሆነው ቅርብ ምሳሌ ጢስ ዓባይ ነው። ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጠናቀቀ በኋላ የወንዙ ውኃ ወደ ተርባይኖቹ ስለተመለሰ ፏፏቴው ለዓመታት በብዙ ወራት ቀጭን ሆኖ ነበር፤ መብራት ያገኘ አለ፣ እንግዳ እየመራ ይተዳደር የነበረ ገቢውን ያጣም አለ። ይህ ዋጋ ቢሆንም ሊነጋገሩበት፣ ሊካሱት፣ ውኃውን በተወሰነ ቀን ለቅቀው ሊያቀልሉት የሚቻል ዋጋ ነው። በምድር ቤቱ ያለው ልጅ ግን አልተጠየቀም፣ አይካስም፣ ደግ ቃል እንኳ እንዳይነገረው የተከለከለ ነው። ተማሪዎቹ ልዩነቱን በራሳቸው ቃል እስኪያስቀምጡ ድረስ ውይይቱ ባይዘጋ ይመረጣል።

በክፍል ውስጥ ላለ ሰው ጣት መቀሰር

ታሪኩን ወደ አካባቢ ለማምጣት ሲባል «የእኛ ከተማ የምድር ቤት ልጅ» እያሉ የነገደ ወይጦን ማኅበረሰብ በምሳሌነት ማቅረብ ከበጎ ሐሳብ የሚመነጭ ጥፋት ነው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነዚህ የጣና ዳር ሰዎች ለረጅም ዘመን መገለል ደርሶባቸዋል፤ ይህ ሊነገር የሚገባ እውነት ነው። ነገር ግን በድርሰቱ ያለው ልጅ የሚሰማው የሌለ፣ ስምም የሌለው ፍጡር ሲሆን፣ እነርሱ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሆናል። በቅርብ ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ዘመድ ያጡ ወይም ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎችም እንዲሁ ገጠመኛቸውን በክፍል ፊት እንዲናገሩ መጠየቅ የለባቸውም። የሚፈልግ ይጽፋል፤ የተጻፈውም ለመምህሩ ብቻ ይሰጣል።

በምርጫ ጥያቄ መፈተን

«ደራሲዋ ልታስተላልፍ የፈለገችው መልእክት (ሀ)…» የሚል ጥያቄ የሳምንታቱን ሥራ ያፈርሳል። በምትኩ ተማሪው በሁለት ገጽ እንዲከራከር ይደረግ፤ ከነጥቡ ግማሹ ከጽሑፉ ለተጠቀሱ መስመሮች፣ ሩቡ ተማሪው የማይስማማበትን ወገን በጥንካሬው ለማቅረቡ፣ የቀረው ለአጻጻፉ ቢሰጥ ሚዛናዊ ይመስለኛል። ለመደምደሚያው ግን፣ ይቅርም ይሂድም፣ ነጥብ አይሰጥበትም፤ ይህም ተማሪዎቹ መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ይነገራቸው።