ድርጅቱን ሳያጠኑ ፕሮጀክት መምራት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የፕሮጀክት ዕቅድ ሲዘጋጅ የሥራው ዝርዝር፣ ጊዜውና በጀቱ በጥንቃቄ ይሰላሉ፤ ሥራው የሚከናወንበት ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠና ይታለፋል።

የመጀመሪያውና በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት፣ ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ሳያጣሩ ሥራ መጀመር ነው። በሥራ ክፍሎች በተዋቀረ ድርጅት ሠራተኛውም በጀቱም የክፍል ኃላፊው ነው፤ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ከአስተባባሪነት የዘለለ ሚና የለውም። በማትሪክስ አደረጃጀት ደግሞ አንድ ሠራተኛ ለሁለት አለቆች፣ ማለትም ለክፍል ኃላፊውና ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ፣ ተጠሪ ይሆናል። አዲስ የሒሳብ ሶፍትዌር ለሚያስገባ ቡድን በሳምንት 2 ቀን እንድትሠራ የተመደበች የሒሳብ ባለሙያን እንውሰድ። ወር ሲያልቅ ሒሳብ መዝጋት አለባት፤ የሥራ አፈጻጸሟን የሚመዝነውም የክፍል ኃላፊዋ በመሆኑ በዚያ ሳምንት ከፕሮጀክቱ ስብሰባ ብትቀር አይፈረድባትም። ይህን እንደ ቸልተኝነት የሚቆጥር ሥራ አስኪያጅ ባለሙያዋን ይበድላል፤ ችግሩም በሚቀጥለው ወር ይደገማል። ይልቅስ ከኃላፊዋ ጋር ቀኖቹንና ሥራ ሲደራረብ ውሳኔ የሚሰጠውን ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት፣ የሶፍትዌሩን ሙከራም ከወር መጨረሻ ማራቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ስህተት በወረቀት የሰፈረውን አሠራር ብቻ አምኖ የድርጅቱን ባህል መዘንጋት ነው። ኮሎምቢያ የተሰኘችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2003 ከ7 ጠፈርተኞች ጋር ስትጠፋ፣ መርማሪው ቦርድ ለአደጋው የድርጅቱ ባህል ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ተነጥሎ ከመታት የአረፋ ቁራጭ ያላነሰ ድርሻ እንዳለው አረጋግጧል። መሐንዲሶቹ ጉዳቱን የሚያሳይ ምስል እንዲነሳ ቢጠይቁም ጥያቄው በመደበኛው መስመር አልቀረበም በሚል ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ «ስጋት ካለ ይቅረብ» የሚል መመሪያ መኖሩ አይበቃም፤ ከዚህ በፊት ስጋት ያቀረበ ሰው ምን እንደገጠመው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላ ቦታ የሠመረን ስልት እንዳለ መገልበጥም እንዲሁ ስህተት ነው። ግዢ የሚያጸድቀው ኮሚቴ በወር አንዴ በሚሰበሰብበት ድርጅት፣ በየ2 ሳምንቱ ውጤት ለማስረከብ የሚታቀድ የአጃይል አሠራር ኮሚቴው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

በለውጥ ሥራ ላይ ደግሞ ርክክብን እንደ ፍጻሜ መቁጠር የተለመደ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ለውጥን ነባሩን ማላላት፣ መለወጥና አዲሱን ማጽናት ብሎ በ3 ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ በጀት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ግን ሦስተኛው ሳይጀመር ነው። ሥልጠናው ተሰጥቶ ሶፍትዌሩ ከተተከለ በኋላ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የወረቀት ቅጽ ተቀባይ ካላጣ፣ ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ወደሚያውቀው ቅጽ ይመለሳል፤ ይህንንም «ለውጥን መቃወም» ማለት ተገቢ አይደለም። ቅጹ አገልግሎቱን የሚያበቃበት ቀንና ከዚያ በኋላ ለወራት ሠራተኞቹን አጠገባቸው ሆኖ የሚያግዘው ባለሙያ ከመጀመሪያው በዕቅዱና በበጀቱ ውስጥ መግባት አለባቸው።