ስሙ ዲክሽነሪው ውስጥ አለ፣ ፓይተን ግን «የለም» ይላል

የዕቁብ መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። መዝገቡ በፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዲክሽነሪ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱን ቁልፍ ከአንድ ቫልዩ (ዋጋ) ጋር አጣምሮ ይይዛል። ቁልፉ ስም ነው፣ ቫልዩው የተከፈለው ብር። ኃይሉ ስንት እንደከፈለ ስትጠይቁት ፓይተን «ኪይ ኤረር» (ቁልፉ የለም) ብሎ ቀጥ ይላል። ዲክሽነሪውን ፕሪንት ስታደርጉት ደግሞ ስሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ በዚህ ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ተሰቃይቻለሁ።

መጀመሪያ ፊደሉን እዩ። ለጆሯችን ሀ፣ ሃ፣ ሐ እና ኃ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ግን ሀ 4608፣ ሃ 4611፣ ሐ 4624፣ ኃ 4739 ነው፤ ፓይተን የሚያነጻጽረው ድምፁን ሳይሆን እነዚህን ቁጥሮች ስለሆነ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም ያው ናቸው። መፍትሄው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚቀይር ፈንክሽን መጻፍ ነው። ስትመዘግቡም ስትፈልጉም ቁልፉን በእሱ አሳልፉት፣ አንዱ ጋ ብቻ ከሆነ ይብሳል። ሰውየው ስሙን የሚጽፍበትን ፊደል ግን አታጥፉበት፤ ቫልዩው ውስጥ ከብሩ ጋር አስቀምጡለት።

ፊደሉ ልክ ከሆነ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ተለጥፎ ይሆናል። ጽሑፉን ከነጥቅስ ምልክቱ በሚያሳየው በ«ሬፕር» ፕሪንት አድርጉት፣ ወዲያው ይታያል። «ስትሪፕ» ያነሳዋል። ቁልፉ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ከተጠቃሚው የሚቀበለው «ኢንፑት» ሁሌም ስትሪንግ (ጽሑፍ) እንደሚሰጥ አትርሱ፤ ስትሪንጉ 7 እና ኢንቲጀሩ (ሙሉ ቁጥሩ) 7 ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው።

ብዙ ሰው ስህተቱን ለማጥፋት ቁልፉ ባይኖርም ኪይ ኤረር ወደማያመጣው ወደ «ጌት» ይሮጣል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ጌት ቁልፉን ሲያጣ ዝም ብሎ «ነን» (ምንም) ይመልሳል፣ ከዚያ ሃያ መስመር ወርዶ ብሩን ስትደምሩ ሌላ ስህተት ይመጣና ችግሩን በሌለበት ቦታ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ጌት ጥሩ የሚሆነው ገና ያልከፈለ ሰው 0 ይቆጠርለት ብላችሁ ከቁልፉ ቀጥሎ 0 ስትሰጡት ነው።

ዲክሽነሪው ላይ በሉፕ እየዞራችሁ ቁልፎች ስትሰርዙ «ራንታይም ኤረር» ከመጣ፣ ቁልፎቹን አስቀድማችሁ ወደ ሊስት ገልብጡና በሊስቱ ላይ ዙሩ።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ሳይመጣ የአንድ ሰው ብር ሲጠፋ ነው። ሁለት ኃይሉ አሉ ማለት ነው። በአንድ ቁልፍ ሁለቴ ካስቀመጣችሁ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል፣ ፓይተንም ትንፍሽ አይልም። የሰው ገንዘብ ስለሆነ በስም አትመኑ፣ ስልክ ቁጥሩን ቁልፍ አድርጉት። እሱንም በስትሪንግ ያዙት፤ ኢንቲጀር ካደረጋችሁት የፊቱ 0 ይጠፋል።