«ክብደት ቀንሰሽ ነይ»፦ ሊፒዲማ ያለብን ሴቶች የምንሠራቸው ስህተቶች

እግሬ መወፈር የጀመረው ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ነው። ወገቤ ቀጭን፣ ከዳሌዬ በታች ግን የሌላ ሰው አካል የተገጠመልኝ ይመስል ነበር። ስሙን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሊፒዲማ ይባላል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በሁለቱም እግሮች፣ አንዳንዴም በክንዶች ላይ እኩል እየተከማቸ የሚያምም በሽታ ነው፤ በአብዛኛው የሚይዘውም ሴቶችን ነው። አለንና ሃይንስ የተባሉ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1940 ገልጸውታል፣ ዛሬም ግን ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሐኪም ይገጥምሻል።

ራስን በረሃብ መቅጣት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። «ክብደት ቀንሰሽ ነይ» ተባልኩና ሁዳዴን 55ቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። ለነፍሴ ሳይሆን ለእግሬ ጾምኩት። ፊቴ ከሳ፣ ደረቴ ሟሸሸ፣ ቀሚሴ ከላይ ሰፋኝ፤ ጭኔና ባቴ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን እየበላሽ ነው?» አለኝ። ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። የሊፒዲማ ስብ ምግብ ስለቀነስሽ ብቻ እሺ ብሎ አይሄድም። ደህና መብላትና መንቀሳቀስ፣ በተለይ ዋና፣ ይጠቅማል። ራስሽን ማስራብ ግን ሕክምና አይደለም።

ሚዛን ላይ ወጥቶ ብቻ መመለስ። ቢኤምአይ ከክብደትና ከቁመት የሚሰላ ቁጥር ነው፤ ስቡ የት እንዳለ፣ ያማል ወይ፣ አይናገርም። ስለዚህ እግርሽን ሳታሳዪ አትውጪ። እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን ምልክቱ ያለው እዚያ ነው። ስቡ አልቦ የታሰረበት ይመስል ቁርጭምጭሚት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ በታች ያለው እግር ቀጭን ነው። ሲጫኑት ያማል። ትንሽ ነገር ሲነካው ይበልዛል።

ከዝሆኔ ጋር ማምታታት። እኛ አገር ወፍራም እግር ሲታይ ቶሎ የሚታሰበው እሱ ነው። ዝሆኔ ግን በአብዛኛው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል።

የሚያሸና ክኒን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ። ስብ በሽንት አይወጣም። ለሌላ በሽታ ካልታዘዘልሽ ተዪው።

«እሺ ዶክተር» ብሎ መውጣት። ስንት ጊዜ እንዲህ ብዬ ወጥቻለሁ! በኋላ ግን ወረቀት ላይ ጽፌ መሄድ ጀመርኩ፦ መቼ እንደጀመረኝ፣ የቱ ጋ እንደሚያመኝ፣ የእናቴና የአክስቴ እግር እንደኔው እንደሆነ፣ ምክንያቱም በቤተሰብ ይተላለፋል። አንዲት ጥያቄም ጨመርኩ። «ዶክተር፣ ቀጭን ብሆን ለዚህ ሕመም ምን ያዙልኝ ነበር?» ይህን የጠየቅኳት ሐኪም ብዕሯን አስቀምጣ እግሬን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ በፊት ማንም ነክቶት አያውቅም። የሚያጠብቅ የሕክምና ካልሲ ያዘዘችልኝም እሷ ናት፤ ስቡን አያጠፋም፣ ሕመሙን ግን ያስታግስልኛል። «እንዲህ የሚባል በሽታ የለም» የሚልሽ ካለ፣ በዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በስሙ ተመዝግቧል በዪው።

ሐኪሙ ካልሰማሽ ሌላ ፈልጊ። ጨርሶ መታከም ግን አትተዪ። እኔ ሐኪም ቤት የሸሸሁባቸው ሁለት ዓመታት የደም ግፊት እንዳለብኝ ሳላውቅ ያለፉ ናቸው።