ሪሴት ሳይነካ ማስተካከያ ሞድ የሚገባው ኢኤስፒ8266

በባትሪ የሚሠራው የኢኤስፒ8266 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቺፕ) ሰሌዳ፣ ሪሴቱን ማንም ሳይነካው፣ ከዲፕ ስሊፕ (ኃይል ቆጣቢ እንቅልፍ) ሲነቃ የዋይፋይ ማስተካከያ ገጹን ይከፍት ነበር። ገጹ መከፈት ያለበት ሪሴቱ በፍጥነት ሁለቴ ሲጫን ነው።

ኮዱ ሲነሳ አርቲሲ ሚሞሪ (በእንቅልፍም በሪሴትም የማይጠፋ ትንሽ ማህደረ ትውስታ) ላይ ምልክት ይጽፋል፤ በ3 ሰከንዱ ያጠፋዋል። በመሃል ዳግም ተነስቶ ምልክቱን ካገኘ «ሁለቴ ተጫነ» ይላል። ሰሌዳው ግን የሴንሰር ሥራውን በ2 ሰከንድ ጨርሶ ይተኛል፤ ምልክቱ ሳይጠፋ ይቀራል። ጂፒአይኦ16 የተባለው ፒን ሰሌዳውን የሚቀሰቅሰውም በዚያው በሪሴት ፒን በኩል ነው፤ ስለዚህ ኮዱ መንቃቱን እንደ ሁለተኛ ጭነት ያየዋል።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ከመተኛቱ በፊት ምልክቱ ቦታ ላይ 0 መጻፍ። ምልክቱ እንደ 305419896 ያለ ረጅም ቁጥር ይሁን፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ሚሞሪው ውስጥ የሚገኘው ዝባዝንኬ ነው፣ 1 በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል። በአርዱዊኖ (ኮዱ የሚጻፍበት መሣሪያ) ኦፍሴቱን፣ ማለትም ምልክቱ የሚጻፍበትን ቦታ፣ 32 አድርጉት (የሚቆጠረው በ4 ባይት ነው)፤ የፊተኛው 128 ባይት ላይ ኦቲኤ (ኮድን በዋይፋይ ማደሻው) ይጽፍበታል።

ኢኤስፒ32 ላይ ይህ አይሠራም፦ የኢኤን ቁልፍ (የእሱ ሪሴት) አርቲሲ ሚሞሪውንም ያጠፋዋል። እዚያ ምልክቱ ፍላሽ (ኃይል ቢቋረጥም የማይጠፋ ማከማቻ) ላይ ይቀመጥ።